ቁጥር ሁለት የተቀረጸበት ክረምት

ሰኔ 24 ቀን 2002፣ ሐሙስ

ፈተና አለቀ። ከአስራ አንደኛ ክፍል በቃ... ተገላገልኩ።

ጠዋት እንደነቃሁ ያችን የተለመደች ነገሬን አደረግኩ። በጀርባዬ እንደተኛሁ አንገቴን ቀና አድርጌ አገጬን ደረቴን አስነካሁ። ነካ። አንገቴ አልደረቀም። ተነሳሁ።

ይህን ማንም አያውቅብኝም። ማጅራት ገትር ይዞኝ ከዳንኩ ወዲህ ሳልሞክረው የተነሳሁበት ጠዋት የለም። ሐኪሙ "ድነሻል፣ እርሺው" ብሎኛል። እሺ... ግን ያን ጊዜም የጀመረኝ እንዲህ ባለ ተራ ቀን ነበር። ራሴን ትንሽ አሞኝ ተኛሁ፣ የነቃሁት ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወዲህ ተራ ቀን እንዴት ይታመናል?

እማዬ በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች። ያው የትግርኛ የሠርግ ዘፈኗን፣ ወንዝ ሞልቶባት መንገድ ላይ ስለቀረችው ሙሽራ። መርፌው ሲፈጥን ትፈጥናለች። ክር ሲበጠስ መሀል ላይ ታቆማለች፣ ክሩን አስገብታ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ "መብርሂት ካልዘፈነች ቀኑ እሁድ ነው ማለት ነው" ይላሉ። እሁድ ብቻ ነው መኪናው የሚያርፈው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታዲዎስ ደወለ። የፊልማችን ዳይሬክተር። "መሪ! ቁጥር ሁለት ተፈቀደ! ጣቢያው ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ብሏል!" ጮኽኩ። ስልኩን ልጥለው ነበር።

"ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ" የተባለው የመጀመሪያው ፊልማችን በቴሌቪዥን ከታየ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ክፍል ውስጥ ተደብቀው የሚዘፍኑ ልጆች ታሪክ። እኔ ሶስና የምትባለዋን ሆኜ ነበር። እስከ ዛሬ ካዛንቺስ ታክሲ ስይዝ ወያላዎቹ "ሶስና፣ ግቢ በይ" ነው የሚሉኝ። ምን ያደርጋል፣ ደስታውን ገና ሳላጣጥመው ነው የታመምኩት።

ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት። መኪናዋን አቆመች። "ጥሩ ነው" አለች። በቃ ይኸው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ አልዘፈነችም።

ምን አጠፋሁ?

ሰኔ 26፣ ቅዳሜ

የጋሽ ታዲዎስ ቢሮ ተሰብስበን ስክሪፕቱን አነበብን። ያችው ከቡና ቤቱ ፎቅ ላይ ያለችው ቢሮ፣ ወንበር ስለማይበቃ ግማሻችን መሬት ላይ። ሊካሳ፣ የሶስናን ፍቅረኛ የሚሆነው፣ ጋና በዓለም ዋንጫው በፍጹም ቅጣት ምት ከተሸነፈች ወዲህ ለቅሶ ላይ ነው። "በናትሽ ሶስና፣ ዛሬ ስለ ፍቅር አታናግሪኝ፣ ሐዘን ላይ ነኝ።" ሳቅን። ጋሽ ታዲዎስም ሳቀ።

አሠራሩ እንደ ባለፈው ነው። ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ይቀዳል። ቀረጻ ላይ በትልቁ ስፒከር ይለቀቃል፣ እኛ ከንፈር እናንቀሳቅሳለን። የእኔ አምስት ዘፈን ነው። የመጨረሻውን ለብቻዬ ነው የምዘፍነው... ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው፣ ሶስና ባዶ ክፍል ውስጥ ቆማ ትዘፍናለች። ሳነበው አለቀስኩ።

ቢሊሴም አለች። የሶስናን ጓደኛ ነው የምትሠራው። የእኔን ዘፈኖች ሁሉ በቃሏ ትዘፍናቸዋለች። በክፋት አይደለም፣ አንዴ ከሰማች ይያዛታል። ብቀር ማን እንደሚተካኝ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ሐምሌ 1፣ ሐሙስ

ስቱዲዮ ነበርን። ሁለቱ ዘፈኖች ያለ ችግር አለቁ። ጋሽ ታዲዎስ ከመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ድምፅሽ በስሏል አለ።

ሦስተኛው ላይ ከፍ ወዳለው ቦታ ስደርስ ግንባሬን ጨምድዶ ያዘኝ። ማዳመጫውን አወለቅኩና "ውሃ" አልኩ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፣ ግድግዳ ተደግፌ አገጬን ደረቴን አስነካሁ። ነካ። ደገምኩት። ነካ።

ፈራሁ። በጣም ነው የፈራሁት። ቁርስ ስላልበላሁ ይሆን? ማዳመጫው ጠብቆኝ ይሆን? ተመልሼ ዘፈንኩት። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ።

ለእማዬ አልነግራትም። ብነግራት ቁጥር ሁለት እዚያው አለቀ።

ሐምሌ 4፣ እሁድ

ሰፈሩ በሙሉ የዋንጫውን ፍጻሜ ሊያይ ቡና ቤት ገብቷል። ቤት ውስጥ እኔና እማዬ ብቻ። ጉልበቷ ላይ ያለ ልብስ ቁልፍ ትተክል ነበር፣ እሁድ በእጇ ትንሽ ትንሽ ትሠራለች። ድንገት...

"መሪ፣ ያንን ነገር ለዚያች ልጅ ብትተዪላት ምናለ?"

"የቱን ነገር?"

"ፊልሙን። ለቢሊሴ። እሷም ትችላለች አላልሺኝም?"

የቀለደች መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም።

"ለምን?"

"ትምህርትሽ..."

"ክረምት እኮ ነው እማዬ!"

"ብርዱስ? ዝናቡስ? ያን ጊዜም..." መቀሱን አነሳች፣ ምንም ሳትቆርጥ መልሳ አስቀመጠችው።

"ያን ጊዜም ምን?"

"ምንም። ተይው ጓለይ።"

ጓለይ፣ በትግርኛ ልጄ፣ የምትለኝ ስትፈራ ነው። ደህና ስትሆን መሪ፣ ስትናደድ መርሃዊት። ሆስፒታል ስነቃ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ጓለይ ነው።

ምን ታውቃለች? ሐኪሙ ለእሷ ብቻ የነገራት ነገር አለ እንዴ? ይመለስባታል ብሏት ይሆን?

ሐምሌ 10፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው የቀረጻ ቀን። ቡልጋሪያ ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ክረምቱን ለቆልናል። ክፍሉ ያፈሳል። የመብራት ሠራተኞቹ ፓውዛ ሲተክሉ እኔ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሜ ነበር፣ ሊካሳ "ነይ እዚህ፣ ይሞቃል" ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። ከጣሪያው የውሃ ጠብታ የጋለው አምፖል ላይ አረፈና ጧ! አለ። የቆምኩበት ቦታ በሙሉ ስብርባሪ ሆነ።

ሊካሳ "ሶስና፣ ድምፅሽ መስታወት ይሰብራል ሲባል እውነት ነው ለካ" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ።

ማታ እማዬ ፀጉሬን ስታበጥርልኝ እጇ ቆመ። ስንጥር መስታወት አገኘች፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል። ጣቶቿ መሀል ይዛ ወደ መብራቱ አስጠግታ አየቻት። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

ሐምሌ 19፣ ሰኞ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ከጠዋቱ ልጀምር።

ዛሬ ቀረጻ የለም፣ ገብርኤል ነው። እማዬና እትዬ የሻረግ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። እማዬ ራሷ የሰፋችውን ጃንጥላ ይዛ ነበር። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ። የስለቴ ነው አለችኝ። ስታስረክብ ደስ ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ አይደለም፣ ለይቼ አውቀዋለሁ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየሁት። የፈላውን ጋን፣ ሕፃኑን ቂርቆስን፣ እናቱን ኢየሉጣን። ልጅ ሆኜ እናት ልጇን የምታጽናና ይመስለኝ ነበር። ለካ የፈራችው እሷ ናት። ሕፃኑ ነው አይዞሽ ያላት።

ስንወጣ እማዬ ከምታውቃቸው ሰዎች ጋር ቀደም አለች። እትዬ የሻረግ ክንዴን ይዘው ጭቃውን እየዘለሉ "ጃንጥላውስ ደህና፣ እናትሽን የሚያስለቅሳት ዋናው ስለት ነው እንጂ" አሉ።

"የቱ ዋናው?"

በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። "ወይ ጉዴ... አልነገረችሽም?"

"ምኑን?"

"ኧረ እኔ ምን አገባኝ..."

"እትዬ የሻረግ፣ በቂርቆስ ይንገሩኝ።"

እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ግን ነገሩኝ። ሆስፒታል ራሴን ሳላውቅ የተኛሁ ጊዜ እማዬ እዚሁ ቅጥር ግቢ መጥታ ተንበርክካ፣ እሳቸው አጠገቧ ቆመው... "'ቂርቆስ፣ ልጄን መልስልኝ፤ ዳግመኛ ዘፈን ከአፏ አይወጣም፤ አፏን ላንተ ሰጥቼሃለሁ' አለች። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። በማግስቱ ዓይንሽን ገለጥሽ።"

ሐምሌ 20፣ ማክሰኞ

አፏን ላንተ ሰጥቼሃለሁ። የኔን አፍ!

እስካሁን አራት ዘፈን ቀድቻለሁ። ግንባሬን ጨምድዶ የያዘኝ... ፓውዛው... ሳላውቅ እኮ ነው። ሳያውቁ የበሉት ስለት ይቆጠራል?

ማለዳ ስነሳ አገጬን ደረቴን ለማስነካት ፈራሁ። ባይነካስ?

ሐምሌ 23፣ ዓርብ

ቀረጻ ላይ ስፒከሩ የኔን ድምፅ ለቀቀ። ካሜራው ፊቴ ላይ ነው። አፌን መክፈት አቃተኝ። ድምፄ ክፍሉን ሞልቶ ይዘፍናል፣ እኔ ከንፈሬን ገጥሜ ቆሜያለሁ።

"ካት! መሪ፣ ምን ሆንሽ?"

"አንዴ..."

"ድገሙት!"

አሁንም አልቻልኩም። ከንፈር ማንቀሳቀስ ዘፈን ነው? ድምፁ አስቀድሞ ወጥቷል፣ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። አሁን እያወቅኩ አፌን ብከፍት ግን? ይህን ማንን ነው የሚጠይቁት?

ቢሊሴን ከውሃ ታንከሩ ኋላ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። "እኔ ልዘፍንልሽ? ማለቴ... ቦታሽን ለመውሰድ አይደለም መሪ፣ በናትሽ እንደዚያ እንዳይመስልሽ።" እንደዚያ አልመሰለኝም። እሱ ነው ይበልጥ ያስለቀሰኝ።

ጋሽ ታዲዎስ ራቅ አድርጎ አናገረኝ። ምክንያቱን አልነገርኩትም፣ አሞኛል ነው ያልኩት። የሌሎቹን ትዕይንት እያስቀደመ ሊጠብቀኝ ሆነ። "ፍልሰታ እስኪፈታ። ነሐሴ አስራ ስምንት ስቱዲዮ ይዣለሁ፣ የመጨረሻውን ዘፈን የምንቀዳበት። ያን ቀን ካልመጣሽ ዘፈኑን ለቢሊሴ ሰጥቼ ታሪኩን እቀይራለሁ። ጣቢያው እኔን አይጠብቀኝም፣ ይገባሻል አይደል?"

ይገባኛል።

ነሐሴ 1፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ገባ። እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ...

"እማዬ፣ አፌን ለቂርቆስ ሰጥተሽዋል?"

ደንግጣ ቆመች። ከዚያ የስፌት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

"ማን ነገረሽ? የሻረግ ናት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስታድጊ ራስሽ ትተይዋለሽ ብዬ። ትምህርት ይበዛባታል፣ ትረሳዋለች ብዬ..."

"ለምን የኔን ድምፅ? ሌላ ነገር ጠፍቶ?"

"ምን ሌላ ነገር?" ጮኸች። እማዬ ጮኻብኝ አታውቅም። "ምን ነበረኝ? ሻማ? ሻማ ለልጄ ነፍስ ምን ይሆናል? በዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ትልቁን ነገር ፈለግኩ። ትልቁ ያንቺ ድምፅ ነበር።"

ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። በትምህርት ቤቱ በዓል በዘፈንኩ ቁጥር እንቅልፍ አጥታ ታድር ነበር ለካ። ትንፋሼን ልትሰማ ትነሳ ነበር። እኔ በራሴ፣ እሷ በኔ... አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ተደባብቆ ሲፈራ ኖሯል።

"አትዝፈኚ አልልሽም፣ አንደበት የለኝም" አለች። "ዝፈኚ ማለትም አልችልም።"

እኔም ምን እንደምመርጥ አላውቅም። ብዘፍን ብሞትስ? ባልዘፍን... የዳንኩት ለምንድን ነው?

ነሐሴ 4፣ ማክሰኞ

መጣ። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ራሴ ይፈልጠኛል። ዛሬ ትኩሳት። አገጬን ደረቴን ሳስነካ አንገቴን አመመኝ። ነካ፣ ግን አመመኝ። "እማዬ" ብዬ ጮኽኩ።

በላዳ ወደ ክሊኒክ። መንገዱ በሙሉ እማዬ እጄን ጨብጣ፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ... ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው። ነርሷ ደም ወስዳ ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቁ አለችን። አግዳሚው ላይ ተጋደምኩ። እማዬ ከጎኔ ተነሳችና መሬት ላይ ተንበረከከች፣ ሰው ሁሉ እያየ። እጇን ዘረጋች። "ቂርቆስ፣ ዛሬም..." ስትል ምን ልትል እንደሆነ ገባኝ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። አፏን በእጄ ከደንኩት።

"እንዳትሳዪ! እማዬ፣ በናትሽ፣ ምንም እንዳትሳዪ!"

መዳፌ ውስጥ ትንፋሿ ይሞቅ ነበር። ዓይኖቿ ብቻ ያዩኛል። እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም፣ እኔም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አንዲት ሴትዮ ውሃ አመጡልን።

ሐኪሟ አንገቴን ወዲያና ወዲህ አዟዟረችው። ሳይነስ ነው አለች። የክረምት ጉንፋን ወደ ሳይነስ ሄዶ ነው፣ ዘፋኝ ከሆንሽ ለዚህ ነው ከፍ ያለ ድምፅ ስታወጪ ግንባርሽን የሚይዝሽ። መድኃኒት፣ እንፋሎት፣ እረፍት። ማጅራት ገትር አይደለም? አይደለም። እርግጠኛ ነሽ? ሳቀች። እርግጠኛ ነኝ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። ላዳ ውስጥ "የንስሐ አባታችን ጋ እንሂድ" አለችኝ። "እኔ ብቻዬን አልችለውም።"

ነሐሴ 8፣ ቅዳሜ

አባ ወልደአረጋይ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። እማዬ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ እያነባች። ሰምተው ሲጨርሱ በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

"ስትሳዪ ልጅቷ ሰምታለች?"

"ራሷን አታውቅም ነበር አባ።"

"ከነቃች በኋላስ ጠየቅሻት?"

"አልጠየቅኳትም።"

"መብርሂት፣ በግ ስትሳዪ የማንን በግ ነው የምትሳዪው?"

"የራሴን።"

"የየሻረግን በግ ተስለሽ ታውቂያለሽ?"

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

"ልጄ እኮ ናት አባ" አለች እማዬ።

"ልጅሽ ናት። አፏ ግን የራሷ ነው። ያልሰጠችውን አንቺ ልትሰጪላት አትችዪም። በጭንቅ ሆነሽ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺን ዘፈን ተዪ ብዬ እመክርሻለሁ። ቄስ ነኝ፣ ሌላ ምን ልልሽ እችላለሁ? ግን ምክር ነው፣ ስለት አይደለም። ስለት በላሁ ብለሽ አትፍሪ። የበላሽው ነገር የለም።"

"ታዲያ ቂርቆስን ባዶ እጁን ላስቀረው?" አለች እማዬ። ድምፅዋ ተሰባብሮ። "ልጄን መልሶልኛል እኮ።"

"ስገጂ። ስግደት ካልበቃሽ ከራስሽ ስጪ። አንቺ ጋ ያለውን።"

አቀርቅራ "እሺ አባ" አለች። ምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እሳቸውም አልጠየቋትም።

ተመልሰን ስንሄድ እጄን አልለቀቀችም። ቀለል አለኝ? ትንሽ። ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም አገጬ...

ነሐሴ 16፣ እሁድ

ጾም ተፈታ። እትዬ የሻረግ ዶሮ ላኩልን። እማዬ "ማክሰኞ ስቱዲዮ አለሽ አይደል?" አለችኝ። እንደ ቀልድ። አዎ አልኩ። "ደህና፣ አንገትሽን ሸፍነሽ ሂጂ።"

ሌሊቱን ይጨንቀኛል መሰለኝ።

ነሐሴ 18፣ ማክሰኞ

ዘፈንኩ።

መብራቱ እንዲቀንስ ለመንኩት፣ ጋሽ ታዲዎስ ቀነሰልኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አሁን የሆነ ነገር ይሆናል፣ አሁን... ምንም። ሁለተኛው መስመር። ምንም። ከፍ ያለው ቦታ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ግንባሬ አልተያዘም። ለካ ሰው እየፈራም መዝፈን ይችላል።

ደግሞ አስዘፈነኝ። ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ጋሽ ታዲዎስ ሁለቱን አዳመጠና "የተንቀጠቀጠውን ነው የምወስደው" አለ። "ጥርት ያለውን ማንም ይዘፍነዋል።"

የቀረው ቀረጻ ከነገ ይቀጥላል። ቢሊሴ በር ላይ ጠብቃኝ አቀፈችኝ። ሊካሳ "ይቺ ልጅ ከዚህ በኋላ ተይዛ ነው የምትታሰረው" አለ። ምን ለማለት እንደፈለገ እሱም አያውቅም።

ወደ ቤት ስገባ እማዬ መኪናዋ ላይ ነበረች። አላየችኝም፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትሰፋለች። የመርፌው ድምፅ ብቻ።

ነሐሴ 23፣ እሁድ

የእትዬ የሻረግ የልጅ ልጅ ክርስትና ነበር። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እንደ ሁልጊዜው ሴቶቹ "በይ መብርሂት፣ አውጪልን" አሉ። በሰፈሩ ደስታ ሁሉ ዘፈን አውጪዋ እሷ ናት፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እማዬ ሳቅ ብላ እጇን አወዛወዘች። "ዛሬ ሌላ ሰው ያውጣ።" ለመኗት። ጎተቷት። አጨበጨበች እንጂ አልዘፈነችም።

እትዬ የሻረግ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ምነው እናትሽ፣ ጉሮሮዋን አመማት እንዴ? በግድግዳው ማዶ እኮ ድምፅዋን ከሰማሁ ሰነበትኩ" አሉ።

ክው አልኩ። እውነታቸውን ነው። ጾም ስለሆነ ነው ብዬ ነበር፣ ጾሙ ግን ከተፈታ ሳምንት ሆነው። ታማ ይሆን? እየደበቀችኝ ይሆን? ከእኔ ወርዶ እሷ ላይ...? ጉሮሮ ላይ የሚወጣ ክፉ ነገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ቤት ስንገባ ጠየቅኳት። "ያምሻል?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ክሊኒክ እንሂድ።"

"ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ መሪ።" መሪ ነው ያለችኝ። ጓለይ አላለችኝም። አልፈራችም ማለት ነው። ታዲያ ምንድን ነው?

መስከረም 1 ቀን 2003፣ ቅዳሜ

እንቁጣጣሽ። ቁጥር ሁለት ታየ።

ሰፈሩ ሁሉ እኛ ቤት ነው። ወንበር አልበቃ ብሎ ልጆቹ የስፌት ጠረጴዛው ሥር ገብተው ተቀምጠዋል። መብራት እንዳይሄድ ስንጸልይ ነበር፣ አልሄደም። ፓውዛው የፈነዳበት ክፍል ሲታይ ወደ ጣሪያችን ቀና አልኩ። ሊካሳ ሲወጣ ልጆቹ አፏጩ።

የመጨረሻው ዘፈን መጣ። ሶስና ባዶው ክፍል ውስጥ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ራሴን ማየት ስለማልወድ እማዬን አየኋት። ጥግ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን በእጇ ጨብጣ... ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እያንዳንዱን ቃል ከእኔ ጋር ታወጣለች። ድምፅ የለውም። ትንፋሽ እንኳ የለውም። ቀረጻ ላይ እኛ እንደምናደርገው።

ያኔ ገባኝ። እንደ ደደብ ያን ሁሉ ቀን... ያኔ ነው የገባኝ።

ሰው ሲወጣ ሳህን ታጥብ ነበር። አጠገቧ ቆምኩ።

"እማዬ፣ ለቂርቆስ ምን ሰጠሽው?"

"ከራስሽ ስጪ አሉኝ፣ ከራሴ ሰጠሁ።"

"ለሁልጊዜ?"

"ስለት እኮ ነው መሪ።" ሳህኑን ገልብጣ አስቀመጠች። "በዚህ ቤት ከነበረው ካንቺው ድምፅ ቀጥሎ ትልቁ የኔው ነው።"

አለቀስኩ። እጇ እርጥብ እንደሆነ ጉንጬን ጠረገችልኝ፣ ይበልጥ አረጠበችኝ።

"ግን ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ" አልኳት።

ሳቀች። ከልቧ ሳቀች። "ከንፈር ማንቀሳቀስ ዘፈን ነው እንዴ? የፊልም ሰው አንቺ ነሽ፣ ንገሪኝ።"

አይደለም አልኳት። አይደለም።

መስከረም 3፣ ሰኞ

የነቃሁት በስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ሻይ እየጠጣሁ ነው ትዝ ያለኝ... አገጬን ደረቴን ሳላስነካ ነው የተነሳሁት። ረሳሁት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ዛሬ ረሳሁት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ቤቱ... ሰኞ ሆኖ እሁድ እሁድ ይላል። መርፌው ብቻ ይሮጣል።

በመንገዱ በኩል ወዳለችው ክፍል ሄጄ አጠገቧ ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆየሁና ጀመርኩት። የእሷን። ወንዝ የሞላባትን ሙሽራ። ትግርኛዬ እንደ እሷ አይደለም፣ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በግድግዳ ሰምቼዋለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እግሯን ከዘፈኑ ጋር አስተካክላ መርገጥ ጀመረች። ስፈጥን ትፈጥናለች።

ሙሽራዋ ወንዙ ዳር ስትደርስ ጠፋብኝ። ቀጥሎ ያለውን አላውቀውም። ያን ቦታ ስትዘፍን ሁልጊዜ መርፌው ይፈጥን ነበር መሰል፣ ቃሉን ለይቼ ሰምቼው አላውቅም። ቆምኩ። እማዬም ቆመች።

ልትዘፍንልኝ አትችልም። በአፏ ነገረችኝ። ዜማ የለው፣ ምን የለው፣ የቁልፍ ቁጥር እንደምትነግረኝ አድርጋ፣ መስመር በመስመር። እየተቀበልኩ ዘፈንኩት። የተሳሳትኩበት ላይ በመቀሱ ጠረጴዛውን ኳ ታደርጋለች፣ እመለሳለሁ።

መሀል ላይ ግድግዳው ከወዲያ ተደበደበ።

"መብርሂት! እሰይ! ተሻለሽ!" እትዬ የሻረግ ናቸው።

አፌ እንደተከፈተ ደርቄ ቀረሁ። እማዬ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ትስቃለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ በሌላ እጇ ቀጥዪ አለችኝ።